የጋሼ ደብተር ሙዚየም ገባ

ሰመራ፣ መጋቢት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት ለእትዬ ለተማርያም፤ አዋሽ

ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ደረጃውን ያስወጣዎታል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከሰመራ ሙቀት በቀር የሚከሰስ የለንም። ሸዋንግዛው ሎጊያ ጋራዡ ውስጥ ከከባድ መኪና ሆድ ሥር ተኝቶ ይውላል፤ ማታ ግራሶውን ሲታጠብ ግማሽ ሳሙና ያልቃል። ፍሬ አምስተኛ ክፍል ሆና ከእኔ እኩል ትመልሳለች። ስልክ ለእርስዎ ጆሮ ጩኸት ብቻ ሆኖ ቢቀርም፣ ደብዳቤ መጻፉን ስለምወደው አላዝንም። ራሄል ጮክ ብላ ታንብብልዎት።

አሁን የሆነውን ልንገርዎትና ይሳቁ። «የሀብተ ሥላሴ መጽሐፍ ምስጥ ሳይጨርሰው ውሰጂ» ብለው የላኩልኝን ካርቶን ዩሱፍ ሹፌሩ እንደ ልማዱ ሙዚየሙ በር ላይ አድርሶታል። እኔ ግን ያን ሳምንት አልነበርኩም። ፍሬን ወባ ይዟት ዱብቲ ሆስፒታል ሦስት ቀን አብሬያት ተኝቻለሁ (አይደንግጡ፣ ድናለች፤ ይኸው ትጨቀጭቀኛለች)። በዚያው ሳምንት ደግሞ ሙዚየማችን ቆጠራ ላይ ነበር። የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ አብዱልበሲጥ ይባላል። ጠንቃቃ ሰው ነው ስልዎት፣ ጥላውን እንኳን ሳይመዘግብ አያሳልፍም። ዩሱፍ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ሙዚየም» ብሎ ጽፎበታል፤ የኔን ስም ረስቶታል። አብዱልበሲጥ ታዲያ ምን ያድርግ? ስጦታ ነው ብሎ ከፈተው።

ስመለስ የጋሼ ሀብተ ሥላሴ መጻሕፍት አሥራ ዘጠኙም በጥቁር ቀለም ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ከወተት መያዣውና ከጨው አሞሌው ጎን ተሰልፈው አገኘኋቸው። መዝገቡን ሳይ ምን የሚል አለበት መሰለዎት? «ተራ ቁጥር 431፦ ዱቄት፣ ቡናማ፣ በጨርቅ ከረጢት የታሰረ። አገልግሎቱ ያልታወቀ።»

እትዬ፣ በሶዎ ነው!

«አብዱልበሲጥ፣ ይህ እኮ የሚበላ ነው» አልኩት።

«አሁን አይበላም» አለኝ፤ «ተመዝግቧል።»

አንዴ መዝገብ የገባ ዕቃ ኮሚቴ ተሰብስቦ ካልፈረመ ከበሩ አይወጣም። እኔ ግን እውነቱን ልንገርዎት፣ ደስታዬ ወሰን የለውም። አብዱልበሲጥ «ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አጭር መግለጫ ጻፊ» ብሎ አዞኛል። ሳላነብ ምን ብዬ እገልጻለሁ? እስከ አርባ ስምንት ዓመቴ ድረስ ተደብቄ የሠራሁት ነገር ሥራ ሆኖ ተሰጠኝ! ያኔ እርስዎ ቤት አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ፣ እርስዎ «ወጡን አማስዪ» እያሉኝ ጋሼ በመስኮት መጽሐፍ የሚያቀብሉኝ ትዝ ይልዎታል? ሸዋንግዛውማ ለጓደኞቹ «ሚስቴ ሁለት ባል አላት፤ አንደኛው ወረቀት ነው» ይላቸዋል።

ሳቅዎ ከዚህ ይሰማኝ። ጉልበትዎን ከብርድ ሳይሆን ከደረጃ ይጠብቅልን።

ልጅዎ መንበረ

አዋሽ፣ መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጃችን ለመንበረ

ሰላምታዬ ካንቺ ሙቀት ቀድሞ ቤትሽ ይግባ። ፍሬን ከወባ ያወጣ አምላክ ይመስገን። የምናገረው እኔ ለተማርያም፣ የምትጽፈው ራሄል ናት፤ እኔና ፊደል እስከ ዛሬ አልተዋወቅንም። ከአፌ የወጣውን ሁሉ ሳታሳምር እንድትጽፍ አስምዬአታለሁ።

በሶዬ ቅርስ ሆነ ብዬ አልጋ ለሚከራዩኝ ሹፌሮች ሁሉ ነግሬአለሁ። ክብር ይስጥልኝ በይው ሰውዬውን። መጻሕፍቱም እዚያው ይቅሩ፤ ክፍሉ ተለቀቀልኝ፣ አንድ አልጋ ጨምሬበታለሁ።

አንድ ነገር ግን ተሳስቻለሁ። ካርቶኑ ውስጥ በሰማያዊ ጨርቅ የተለበጠ ወፍራም ደብተር አለ። እሱ መጽሐፍ አይደለም፤ ሀብተ ሥላሴ በእጁ የጻፈው ነው። ለእኔ ሁሉም አንድ መልክ ስለሆነ አብሬ ከተትኩት። ራሄል ክፍሉን ስትጠርግ «የአባዬ ደብተርስ?» ብትለኝ ጊዜ ነው ስሕተቴን ያወቅኩት። ከሞተ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ «ላንብብልሽ» ስትለኝ «ቆዪ» እላት ነበር። አሁን ቆርጫለሁ። ከፋሲካ በኋላ ታነብልኛለች። ላኪልኝ።

ከሁሉ በፊት ራሄል የተወለደች ዕለት ምን እንደጻፈ መስማት ነው የምፈልገው። ታሪኩን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልድገመው፣ ሲደገም ደስ ይለኛል። ጥቅምት 9 ቀን 1979። ሀብተ ሥላሴ ያኔ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነው፤ የቀኑን ባቡር ሸኝቶ ሰባት ሰዓት ላይ ቤት ይገባል። ምጡ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ጀመረኝ። ጎረቤቴ ሙሉሐረግ «ማንንም አንላክ፣ አሁን ከተፍ ይላል» አለች። ስምንት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። በሩን እያየሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ ይህችን አስቸጋሪ ወለድኳት። (እኔን ነው። ራሄል።) እሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። ለካ ባቡሩ መተሐራ ላይ ተበላሽቶ አራት ሰዓት ዘግይቷል። ሥራውን ጥሎ እንዴት ይምጣ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቡር ሲያፏጭ በሰማሁ ቁጥር እረግመው ነበር። ተነቅሎ እስኪቀር ድረስ ረግሜዋለሁ።

ያን ቀን ምን እንዳሰበ ይነበብልኝ። ሌላ የምጠይቅሽ የለም።

ሸዋንግዛውን በጉንጩ፣ ፍሬን በግንባሯ።

ለተማርያም

ሰመራ፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ለተማርያም

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረስዎ! በጉ ስንት ኪሎ ወጣው አልልዎትም፤ ራሄል በልታ መወፈሯን በፎቶ አይቻለሁ። መልሴ የዘገየው ዩሱፍ ገላፊ ጠረፍ ላይ ዘጠኝ ቀን ተሰልፎ ስለከረመ ነው።

ሥራዬ እንዴት እንደያዘኝ ልንገርዎት። እስካሁን ለአሥራ አንድ መጽሐፍ መግለጫ ጽፌአለሁ። አብዱልበሲጥ «ሦስት መስመር ይበቃል» ይለኛል፤ እኔ ሦስት ገጽ አመጣለታለሁ። ቁጭ ብሎ ያነበውና «ከዚህ በኋላስ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቀኛል! ትናንት ከስብሰባ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

በቤታችን ደግሞ ስምምነት ወጥቷል። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳነብ «መንበረ የለችም» ይባላል። ሰው ቢመጣ የለችም፣ ሽሮ ቢያርር የለችም። ሸዋንግዛው ራሱ ነው ያወጣው። በመጀመሪያው ቀን ግን መጋረጃውን ገልጦ «የለሽም አይደል? ጨው የት እንዳለ ግን ታውቂያለሽ?» አለኝ። ፍሬ ብቻ ናት ያኮረፈችኝ። ባለፈው ማክሰኞ ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ሰዓት አስጠበቅኳት፤ ባጃጅ አጥቼ።

የዘንድሮ ሙቀት ይለያል። መብራት ሲጠፋ ሙዚየም ውስጥ ያለው የጥንት አጥንት እንኳን የሚያልበው ይመስለኛል። አፍናን የምትባለው የሥራ ባልደረባዬ፣ ጎብኚ የምታስጎበኘው የአፋር ልጅ፣ እዚሁ ተወልዳ አድጋ «በቃኝ» ስትል ሰማኋት። እኔማ ምን ልበል?

ደብተሩን በተመለከተ፣ ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ አንዱ ለሥልጠና አዲስ አበባ፣ አንዷ ወሊድ ላይ። ራሄል በቴሌግራም «ገጹን ፎቶ አንስተሽ ላኪልን» ብላኛለች፤ ዕቃ ክፍል ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። እኔም ገና አልገለጥኩትም።

እትዬ፣ የሞተ ሰው የጻፈውን ማወቅ ሁልጊዜ ደግ ነው ይላሉ? እንዲያው መጣብኝና ነው።

መንበረ

አዋሽ፣ ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

መንበረ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤትሽ። ከዚህ በኋላ ያለው ሰላምታ አይደለም።

ደብዳቤሽ አራት ገጽ ነው፤ ስለ ደብተሩ ያለው አራት መስመር አይሞላም። ራሄልን አስቆጥሬአታለሁ። ስለ ጨውሽ፣ ስለ አጥንትሽ ላብ ሁሉ ሰማሁ። አንቺ በጥርስ ሳሙና ላይ የተጻፈውን ሳታነቢ የማታልፊ ልጅ፣ የአጎትሽን ደብተር ሁለት ወር አጠገብሽ አድርገሽ አልገለጥኩም ትይኛለሽ? ያሳደገሽን ሰው የእጅ ጽሑፍ? ለሌላ ሰው ንገሪው።

ኮሚቴ የሚባለው ሰውዬ ሥልጠናውን ይጨርስና ወደ ቤቱ ይግባ።

ሌላ ሴት አለችበት? ካለች ንገሪኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቅናት አያምርብኝም፤ የእሷን ቤት መስኮት የምሰብርበት ጉልበትም የለኝም። ካለማወቅ ግን ይሻለኛል። አሁን ደብተሩ ይቆይ፤ ያንን አንዱን ቀን ብቻ ገልብጠሽ ጻፊልኝ። ጥቅምት 9።

(መንበሬ፣ እማዬ ከበላች ሁለት ቀኗ ነው። ነገሩ ምንም ይሁን ምን እኔ ጮክ ብዬ ማንበብ እችላለሁ። ራሄል።)

ለተማርያም

ሰመራ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ለተማርያም

ጤናዎን እግዚአብሔር ይጠብቅ። ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው።

ራሄልዬ፣ መጀመሪያ ሂጂና በሩን ዝጊ። የኔ ደብዳቤ ለእናትሽ ጆሮ ሲነበብ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ይኼኛው የቤት ነው። ከዚያ ቁጭ በይና ሳትዘልዪ አንብቢላት። ስላንቺም ስለሆነ ይከብድሻል፤ አይዞሽ።

እትዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ደብተሩን ያነበብኩት ከዱብቲ የተመለስኩ ዕለት ነው፤ የቁጥሩ ቀለም ገና ሳይደርቅ። ኮሚቴው የፈረመው ደግሞ ግንቦት 21 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው በኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሌላ ሴት የለችም። ብትኖር ይሻል ነበር ብዬ ያሰብኩበት ቀን ግን አለ፤ እርስዎ ሴትዮዋን እንዴት እንደሚረግሙ አውቃለሁ፣ ይኼንን ግን እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅም።

ጋሼ የጻፉት ይህ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም፦

«ጥቅምት 9 ቀን 1979። የቀኑ ባቡር በሰዓቱ ገባ፣ በሰዓቱ ወጣ። የዘገየሁት እኔ ነኝ። ተሳፋሪ ጥሎት የሄደ መጽሐፍ ይዤ ነበር፤ ሥራ ስጨርስ ሠላሳ ገጽ ይቀረኛል፤ ጨርሼ ልሂድ ብዬ ዕቃ ማከማቻው ውስጥ ተቀመጥኩ። ሠላሳው ሲያልቅ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደገና ጀመርኩ። ቀና ስል ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ቤት ስገባ ልጅቱ ተወልዳለች። ለተማርያም የት ነበርክ አለችኝ። ባቡሩ ተበላሽቶ አልኳት። እሺ አለችኝ። እሺ ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ደብተሩ የሌላ ሌላውን ነው የሚያወራው፤ የጣቢያውን፣ የሰውን፣ ያነበቡትን። ግን በየዓመቱ ጥቅምት 9 ላይ አንድ መስመር አለ። «ዛሬም አልነገርኳትም።» ሠላሳ አራት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። አንዳንዱ ዓመት ላይ «ዛሬ መጽሐፍ አልነካሁም፤ ራሄልን ይዤ ወንዝ ወረድኩ» የሚል ተጨምሮበታል። ያመማቸው ዓመት የጻፉት ፊደሉ ተንጋዷል፤ ቃሉ ግን ያው ነው።

ለምን ደበቅሁ? እርስዎን እንዳይከፋዎት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ባለፈው ሳምንት አፍናን መሳቢያዬን ስትከፍት አየችው።

«ይህ ወጪ ተደርጎ የለም እንዴ? እዚህ ምን ይሠራል?»

«ሹፌር እየጠበቀ ነው።»

«ዩሱፍ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ አለፈ።»

ሁሉንም ነገርኳት። አፋሮች ዳጉ የሚሉትን ልማዳቸውን ሰምተው ይሆናል፤ ሰው ከሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውን እንዳየ፣ የሰማውን እንደሰማ ለሌላው የሚነግርበት ነው።

«ደግ ደጉን እየመረጠ የሚነግርሽ ሰው ካጋጠመሽ» አለችኝ፣ «ወደ ውኃ የሚወስደውን መንገድ አትጠይቂው።»

«ለምን?»

«ጉድጓዱ ደርቆም ቢሆን ደስ እንዲልሽ አለ ይልሻላ!»

ሳቀችና ጎብኚዎቿን ልታስገባ ሄደች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አንድ መስመር አላነበብኩም፤ ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ከሆንኩ።

ማታ ፍሬን ጠራኋት። «ያን ማክሰኞ ባጃጅ አላጣሁም» አልኳት። «ምዕራፍ ልጨርስ ብዬ ነው ፀሐይ ላይ ያቆምኩሽ።»

«አውቃለሁ» አለችኝ ጫማዋን እየፈታች። «ስትመጪ ጣትሽ መጽሐፉ መሃል ነበር።»

እትዬ፣ የጋሼ ልጅ መሆኔን ያን ያህል አውቄው አላውቅም ነበር። መጽሐፍ ማንበቡን አልተውም፤ መዋሸቱን ግን ልተው ነው። አሁን «መንበረ የለችም» መባሉ ቀርቶ «መንበረ እያነበበች ነው» ተብሏል። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ ፍሬን ሸዋንግዛው ያመጣታል፤ ጋራዡን ሌላ ሰው ያያል።

ደብተሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ዩሱፍ ይዞታል። ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ላስፍቀው ብል አብዱልበሲጥ አሞት ነበር፤ ይቅርታ፣ እንዳለ ነው የመጣው። ሊቀየሙኝ መብትዎ ነው። ብቻ ምግብ ይብሉ።

መንበረ

አዋሽ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመንበረ

እንኳን ከዘመነ ዮሐንስ ወደ ዘመነ ማቴዎስ በሰላም አሸጋገረሽ። አዲሱ ዓመት ለሰመራ ትንሽ ንፋስ ይስጣት።

ሁለት ወር ዝም ያልኩሽ አውቄ ነው። አንቺም ሁለት ወር ያህል መሳቢያ ውስጥ ደብቀሽብኛል፤ ተካክለናል።

ራሄል በሩን ዘግታ አነበበችልኝ። ጨርሳ ስታየኝ ተነሥቼ የሀብተ ሥላሴን ፎቶ ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አሥራ አምስት ቀን ጀርባውን አይቼዋለሁ። አንድ አልጋ ተከራይ «እማማ፣ ይህ ፎቶ ተገልብጧል» ቢለኝ «ተቀጥቶ ነው» አልኩት።

ተቆጥቻለሁ፣ አልዋሽሽም። ጠዋት ይበርድልኝና ሰባት ሰዓት ሲሆን ይመለስብኛል። በሩን ሳይ የነበርኩበት ሰዓት ነው። ያኔ ቢነግረኝ ሰባት ቀን አኩርፌ በስምንተኛው እስቅበት ነበር። የማውቀው ሰው አይደለም እንዴ? ሠርጋችን ዕለት እንኳን ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ መጽሐፍ ነበረው። ባቡሩስ ምን በደለ? ሠላሳ ሰባት ዓመት አንድ ብረት ያለ ጥፋቱ ረገምኩ! ጉድ እኮ ነው።

ራሄል ሦስት ቀን በእሱ ተናዳ ሰነበተች። ከዚያ ሠላሳ አራቱንም ጥቅምት 9 ለብቻዋ ፈልጋ አነበበቻቸው። አምስት ዓመት የሞላትን ዕለት ስታገኝ ወንዝ የወረዱበት ነው። «ይህንን ትዝ ይለኛል» አለችኝ፣ «ቀኑን ሙሉ ትከሻው ላይ ነበርኩ፤ ምን እንደነካው አላወቅኩም።» ከዚያ ወጥታ ፎቶውን መልሳ አዞረችው። እኔ ብሆን አንድ ሳምንት እጨምርበት ነበር።

አሁን ደብተሩን ከመጀመሪያው ጀምራ እያነበበችልኝ ነው። ራሄል መጨረሻውን ልየው ስትል እጇን መታሁት፤ በተራው ነው። ሰውዬው ለካ ሁሉን ያያል! እኔን «ዛሬ ለተማርያም ሁለት ሹፌር አባረረች፤ ሁለቱም ይገባቸዋል» ብሎ ጽፎኛል። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን በአፉ አልነገረኝም። ቁጥሩን አላስፍቀውም። ሁላችንም ስናልፍ ወደዚያው ይመለሳል፤ አብዱልበሲጥ ቦታውን ይጠብቅልኝ በይው። አንቺም ስታነቢ አንብቢ፣ ስትቀሪም አንብቤ ነው በይ፤ ፍሬ አሁን የምትቆጥርበት ዕድሜ ላይ ናት።

እንግዲህ አንድ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ፤ ለሸዋንግዛው ብቻ እንዳታወሪው። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሄል እያነበበችልኝ ነበር። ሽንኩርት የጫነ ባቡር ሐዲድ ስቶ ጣቢያው በሽንኩርት የተጥለቀለቀበት ዕለት ነው፤ ሹሙም ምኑም እንባው እየፈሰሰ ሽንኩርት ይለቅማል። ልክ እዚያ ላይ እስክንድር የሚባል ሹፌር በሩን መታ። ከገላፊ ሳይተኛ ነድቶ ነው የመጣው፤ የክፍሉን ቁልፍ ፈልጎ።

ራሄል ልትነሣ ስትል ጉልበቷን ያዝኩ። «ጨርሺው።»

«እማዬ፣ ሰውዬው ፀሐይ ላይ ቆሟል!»

«ጨርሺው አልኩሽ።»

አራት ገጽ ነበር የቀረው። ጨረስን። ከዚያ በሩን ከፈትኩለት፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። «ይቅርታ ልጄ» አልኩት፣ «ቁልፉ ጠፍቶብኝ ስፈልግ ነው።»

ቁልፉ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሏል።

ለተማርያም